ርካሽ ስኮፕ ያዋጣል ወይ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ስኮፕ (ጠመንጃ ላይ ስለሚገጠመው አጉልቶ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ናቸው፣ እሱም ስለ ርካሹ ስኮፕ። ስለዚህ የጥይቱንም የሰደፉንም ጥያቄ ለሌላ ጊዜ አቆይቼ ዛሬ እሱ ላይ ብቻ ልቆይ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? በቅርቡ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ገዛሁ፣ ባለ .22 ነው፣ ትንሿን ጥይት የሚተኩሰው። ኢላማ ለመለማመድ ነው የምፈልገው፣ ከ50 ሜትር ብዙም አላልፍም። ስኮፕ ልገጥምለት አስቤ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚለኝ። አንዱ ለስኮፑ የጠመንጃውን ዋጋ ያህል ካላወጣህ አትልፋ ይላል፣ ሌላው ደግሞ ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ነው የሚወጣው፣ ርካሹን ግዛና ተገላገል ይላል። አቅሜ ብዙ አይደለም፣ ማንን ልመን? (ጀማሪው)

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። የመከሩህ ሰዎች ሁለቱም ጋ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ፣ ግን አንዳቸውም ጠመንጃው ምን ዓይነት ነው፣ ስንት ሜትር ላይ ነው የምትተኩሰው፣ ቁልፉን እያዞርክ ነው የምትሰራው ወይስ አንዴ አስተካክለህ የምትተወው ብለው አልጠየቁህም፣ ይሄ ሳይጠየቅ ደግሞ ስለ ስኮፕ ዋጋ ማውራት አይቻልም።

መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ልንገርህ፣ እሱን ካወቅክ ሌላውን ራስህ ትደርስበታለህ። ከውጭ የምታየው ቱቦ ውስጥ ሌላ ቀጠን ያለ ቱቦ አለ፣ ምስሉን የሚያቀኑት ሌንሶችም የምታነጣጥርበት መስቀሉም ያሉት እሱ ላይ ነው። ከላይና ከጎን ያሉትን ቱሬት የሚሏቸውን ቁልፎች ስታዞር አንድ ብሎን ይሄን የውስጥ ቱቦ ይገፋዋል፣ በተቃራኒው በኩል ደግሞ አንዲት ሞላ ወደ ብሎኑ መልሳ ትገፋዋለች። በቃ ይሄው ነው፣ ሙሉ ነገሩ የተንጠለጠለው በዚያች ሞላና በብሎኑ ጥርስ ላይ ነው። ሞላዋ ከደከመች ወይ ብሎኑ ለስላሳ ብረት ሆኖ ጥርሱ ከተበላ ጠመንጃው በተራገጠ ቁጥር የውስጡ ቱቦ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ያ ቱቦ የሚሊ ሜትር አንድ አስረኛ እንኳን ቢንቀሳቀስ 100 ሜትር ላይ በርካታ ሴንቲ ሜትር ስህተት ይሆናል። ጥሩ ስኮፕ ላይ ገንዘቡ የሚሄደው በብዛት እዚህ ጋ ነው፣ ሱቅ ውስጥ በማይታየው ቦታ። በመስኮት ወደ ውጭ ስታይበት ርካሹም ውዱም ደህና ያሳያል፣ ልዩነቱ የሚመጣው ከመቶና ከሁለት መቶ ጥይት በኋላ ነው።

አሁን ወዳንተ ስንመጣ .22 አይራገጥም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ያቺን ሞላ የሚያሰቃያት ነገር የለም። ለዚህ ጠመንጃ ርካሽ ስኮፕ ያዋጣል፣ ያለ ምንም ማቅማማት ነው የምልህ። የጠመንጃውን ዋጋ ያህል አውጣ የሚለው ምክር ለሩቅ ተኳሽ ወይም በጣም ለሚራገጥ ጠመንጃ የተባለ ነገር ነው፣ ለ50 ሜትር የኢላማ ልምምድ ግን የሚተርፍህን ብር ጥይት ግዛበት፣ ብዙ ተኩሰህ የምትማረውን ማንም ሌንስ አያስተምርህም።

ከአንድ ፋብሪካ ነው የሚወጣው ስለሚሉት ደግሞ፣ አንድ ፋብሪካ ለብዙ ብራንድ መስራቱ እውነት ነው። ግን ያዘዘው ድርጅት ነው የመስታወቱን ዓይነት፣ የኮቲንጉን (ሌንሱ ላይ የሚቀባውን ስስ ሽፋን) ብዛት፣ ስንቱ ተፈትሾ ስንቱ እንደሚጣል የሚወስነው። አንድ ዳቦ ቤት የተጋገረ ሁሉ አንድ ዓይነት ዱቄት አለው ማለት አይደለም።

ስትመርጥ ምን ልተው ብለህ ጀምር። በአንድ ዓይነት ዋጋ ሁለት ስኮፕ ብታይ፣ አንዱ ትልቅ ዙም፣ ባለ መብራት መስቀል፣ ትልልቅ ቁልፍ ምናምን ያለው፣ ሌላው ተራ 4x32 ወይም 3-9x40 (ከx በፊት ያለው ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ከx በኋላ ያለው የፊቱ ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው) ቢሆን ተራውን ውሰድ፣ ምክንያቱም ያው ገንዘብ ለጥቂት ነገር ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይበዛል። ዙም የሌለው 4x32 ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገሩ ትንሽ ስለሆነ የሚበላሽበትም ትንሽ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፣ ለ.22 ተብሎ የተሰራውን ጠይቅ፣ እሱ ፓራላክሱ አብዛኛውን ጊዜ ለ50 ያርድ ርቀት ነው ተስተካክሎ የሚሞላው፣ ይሄ 46 ሜትር ገደማ ነው፣ የትልቁ ጠመንጃ ግን 100 ያርድ ላይ ነው። ፓራላክስ ምን እንደሆነ ከታች ለአየር ጠመንጃው ልጅ ስመልስ አስረዳለሁ።

ርካሽ መግዛትም የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በፈረንጆቹ 1930 ዊሊያም ዊቨር የሚባል አሜሪካዊ 3-30 የሚባለውን ስኮፕ ሲያወጣ ሀሳቡ ተራው አዳኝ የሚችለውን ዋጋ ማምጣት ነበር፣ በዚያን ጊዜ ጥሩ ስኮፕ ማለት ከአውሮፓ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበረና። የዚያው ዘር የሆነው 330 በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ኤም 1903 ኤ 4 በሚባለው ያልሞ ተኳሽ ጠመንጃው ላይ ገጥሞ ተዋጋበት። ቀላል ነበር፣ ርካሽ ነበር፣ ሰራ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ግራ ገብቶኛል። .308 የሚባለው ትልቅ ጠመንጃ አለኝ፣ ላዩ ላይ ርካሽ የሚባል 3-9x40 ገጠምኩ። ባለፈው ሳምንት 100 ሜትር ላይ አሪፍ ዜሮ አድርጌው (ጥይቱ መስቀሉ ያለበት እንዲያርፍ አስተካክዬው) ነበር፣ ዛሬ ሄጄ ስተኩስ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሄዷል። አስተካከልኩት፣ ከአስር ጥይት በኋላ ደግሞ ወደ ላይ ወጣ። ሁሉም ሰው ርካሽ ስለሆነ ነው ጣለው ይለኛል። ልጣለው? (የተናደደው)

መልስ፦ ቆይ አትጣለው። የምትለው ነገር በጣም ያበሳጫል አውቃለሁ፣ ግን እንደዚህ ተብሎ ከሚወቀሰው ስኮፕ ውስጥ ብዙው ጥፋቱ የሱ ሳይሆን የተገጠመበት ነገር ነው። ርካሽ ስኮፕ የሚገዛ ሰው ማሰሪያውንም ርካሽ ነው የሚገዛው፣ ከዛ ብሎኖቹን በእጁ በደመነፍስ ያጠብቃል፣ አንዱ ይላላል አንዱ ይጠብቃል፣ .308 ደግሞ ሃምሳ ጊዜ ሲራገጥ የላላውን አውጥቶ ያሳይሃል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ስኮፑን አውርደው፣ ጠመንጃው ላይ የታሰረውን መሰረቱንም ፍታው፣ እዛ ስር ያለው ብሎን ነው ብዙ ጊዜ የሚረሳው። ብሎኖቹንም ቀዳዳዎቹንም ከዘይት አጽዳ፣ አልኮል ወይም ቤንዚን የነካ ጨርቅ ይበቃል፣ ዘይት ያለበት ብሎን በንዝረት ይፈታል። መሰረቱን መጀመሪያ እሰር፣ ከዛ የቀለበቶቹን የታች ግማሽ፣ ከዛ ስኮፑን አስቀምጠህ የላዩን ግማሽ በመስቀለኛ ትንሽ ትንሽ እያልክ አጥብቅ፣ እንደ መኪና ጎማ ብሎን ማለት ነው፣ አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ። የላይኛው ቀለበት ብሎን ላይ በተለምዶ የሚባለው ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ነው፣ ወደ 2 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ፣ ይሄ በጣም ትንሽ ኃይል ነው፣ በብሩጎላ አጭሩን እግር ይዘህ በሁለት ጣት የምታጠብቀው ዓይነት። አምራቹ ሌላ ቁጥር ጽፎ ከሆነ የሱን ያዝ። ረጅሙን እግር ይዞ በሙሉ ክንዱ የሚያጠብቅ ሰው የስኮፑን ቱቦ ይጨፈልቀዋል፣ ርካሹ ደግሞ ቱቦው ስስ ስለሆነ ቶሎ ነው የሚጨፈለቀው፣ ከዛ የውስጡ ቱቦ ታንቆ ቁልፉ ቢዞርም አይንቀሳቀስም።

ሲያልቅ ስኮፑና ቀለበቱ በሚገናኙበት ቦታ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀጭን መስመር አስምርበት። ከሃያ ጥይት በኋላ መስመሩ ተሰንጥቆ ወይም ተንሸራቶ ካየኸው ችግሩ አሁንም ማሰሪያው ነው። በርሜሉን ከሰደፉ ጋር የሚያስሩትን ትልልቅ ብሎኖችም ነካ ነካ አድርጋቸው።

ይሄን ሁሉ አድርገህ አሁንም ከሄደ ያኔ ስኮፑን መጠርጠር ትችላለህ፣ እሱም ቢሆን በግምት አይደለም። ዜሮውን የማይስት ስኮፕ ያለው ጓደኛ ካለህ የሱን አንተ ጠመንጃ ላይ ግጠመው፣ ጥይቶቹ አንድ ቦታ ከሰበሰቡ ጠመንጃህ ንጹህ ነው፣ ጥፋተኛው ያንተ ስኮፕ ነው። ካልሰበሰቡ ደግሞ ስኮፑን ስምህን አጥፍቻለሁ በለውና ወደ ጠመንጃውና ወደ ጥይቱ ዙር።

ስኮፑ ሆኖ ከተገኘ ግን .308 ላይ መልሰህ አትግጠመው። ዋስትና ካለው መልስ፣ ከሌለው ለ.22 ይሁን። ይሄን አጥብቄ የምነግርህ በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ርካሽ ስኮፕ በሚራገጥ ጠመንጃ ላይ ገጥሜ፣ ሱቅ ውስጥ ጥሩ ያሳያል ብዬ፣ በኮረኮንች መንገድ ግማሽ ቀን ተጉዤ ሳልፈትሸው ለአደን ወጣሁ። እንስሳው ቅርብ ነበር፣ 80 ሜትር አይሞላም፣ መስቀሉ ልቡ ላይ ነበር፣ ጥይቱ ግን እግሩን ነው ያገኘው። እስኪመሽ ደሙን ተከትዬ አጣሁት፣ ያገኘሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። በኋላ ወረቀት ላይ ስተኩስ ከአንድ ስንዝር በላይ ግራ ሄዶ ነበር። ያ እንስሳ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ እስከዛሬ አስበዋለሁ፣ ከዛን ቀን ጀምሮ ደርሼ ሁለት ጥይት ወረቀት ላይ ሳልተኩስ አደን አልወጣም። ወረቀት ላይ መሳት ጥይት ማባከን ብቻ ነው፣ ህይወት ያለው ነገር ላይ መሳት ሌላ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ አንድ 6-24x50 ስኮፕ አየሁ፣ ዋጋው በጣም ቅናሽ ነው። ቀይም አረንጓዴም የሚበራ መስቀል አለው፣ ፊቱ ያለው ሌንስ ግዙፍ ነው፣ እስከ 1000 ሜትር ያስመታል ተብሎ ተጽፎበታል። ከ3-9ኙ ጋር እኩል ዋጋ ከሆነ ይሄኛውን አለመግዛት ሞኝነት አይሆንም? ጠመንጃዬ .243 ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ሜትር በታች ነው የምተኩሰው። (ዙም ወዳጁ)

መልስ፦ አይሆንም ወንድሜ፣ እንደውም እኩል ዋጋ መሆኑ ነው ሊያስጠረጥርህ የሚገባው። 24 ጊዜ የሚያጎላ ስኮፕ በትክክል ለመስራት የተሻለ መስታወት፣ የበለጠ ሌንስ፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ከ3-9ኙ ጋር በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ያ ሁሉ ከየት መጣ? የሆነ ቦታ ተቀንሷል፣ የተቀነሰው ደግሞ ከሞላዋ፣ ከብሎኑና ከመስታወቱ ነው።

አንድ ቀላል ሂሳብ ላሳይህ። የፊቱን ሌንስ ስፋት በዙሙ ብታካፍለው ወደ ዓይንህ የሚመጣውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛለህ። 50ን ለ24 ስታካፍል 2.1 ሚሊ ሜትር ነው። 3-9x40ው ግን 9 ላይ እንኳን 4.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ 6 ላይ ብታደርገው 6.7። የሰው ብሌን ጨለም ሲል 5፣ 6፣ በወጣትነት እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፣ ስለዚህ በ2.1ዱ ስታይ ምስሉ ጨለማ ይሆንብሃል፣ ጭንቅላትህን ትንሽ ካነቃነቅክ ደግሞ ጥቁር ጥላ ይመጣና ጭራሽ ምንም አታይም። በዛ ላይ ዙሙ ሲበዛ የምታየው ቦታ ይጠባል፣ እንስሳው ሁለት እርምጃ ቢሄድ ታጣዋለህ፣ ሞቃት ቀን ላይም ከመሬት የሚነሳው ትኩስ አየር ሲንቀጠቀጥ እሱንም አብሮ ነው የሚያጎላልህ። ትልቁ ሌንስ ደግሞ ስኮፑን ከበርሜሉ ከፍ አድርገህ እንድትገጥም ያስገድድሃል፣ ጉንጭህ ሰደፉን ይለቃል።

ስንት ዙም ይበቃል ለሚለው፣ ከላይ ያነሳሁት የዊቨር ስኮፕ 2.5 ገደማ ነበር፣ የሶቪየቶቹ ሞሲን ጠመንጃ ላይ የነበረው ፒዩ የሚባለው ደግሞ 3.5 ብቻ ነበር። በነሱ ሰዎች ያደረጉትን ሁላችንም ሰምተናል። ለ200 ሜትር 9 ከበቂ በላይ ነው፣ እኔ አደን ላይ አብዛኛውን ጊዜ 4 ላይ ነው የማስቀምጠው።

ስለ መብራቱ፣ ርካሽ ስኮፕ ላይ መብራቱ ሲመሽ ስታበራው መላው የሌንሱ ውስጥ ይቀላል፣ ያ ቀለም ኢላማውን ይሸፍነዋል። ባለ ሚል ነጥብ መስቀልም (ለመለኪያ የሚሆኑ ነጥቦች ያሉት) ካለው ጠይቅ፣ መስቀሉ በሁለተኛው የትኩረት ቦታ ላይ ከሆነ (ዙሙ ሲቀየር የመስቀሉ መጠን የማይቀየረው ማለት ነው) ነጥቦቹ ልክ የሚሆኑት በአንድ ዙም ላይ ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ በትልቁ፣ ዙሙን ቀንሰህ በነጥቦቹ ከለካህ ትስታለህ። ርካሾቹ አብዛኞቹ እንደዚህ ናቸው። ለአንተ ርቀት ግን ነጥብም መቁጠር ቁልፍም ማዞር አያስፈልግህም፣ እንደ .243 ያለ ፈጣን ጥይት በደንብ ዜሮ ከተደረገ እስከ 200 ሜትር ቀጥ ብለህ ማነጣጠር ነው። ከስኮፑ የምትፈልገው ዝም ብሎ ዜሮው ላይ እንዲቆይልህ ብቻ ነው፣ ይሄን ደግሞ ተራው 3-9 ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ አለኝ፣ ሁለት ስኮፕ ተሰበረብኝ። አንደኛው መስቀሉ ዞረ፣ ሁለተኛው ውስጡ የሆነ ነገር ይንኳኳል። የአየር ጠመንጃ እኮ ምንም አይራገጥም፣ እንዴት ነው? (አየር በአየር)

መልስ፦ ትንሽ ስለሆነ አይጎዳም ብሎ የማያስብ ሰው የለም፣ ነገር ግን ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ከብዙ ትልልቅ ጠመንጃ በላይ ስኮፕ ይሰብራል። ቃታውን ስትስብ ከባዱ ፒስተን ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ ሲመታ ደግሞ ጠመንጃው ወደ ፊት ይነጥራል። ተራ ስኮፕ የተሰራው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመጣን ርግጫ እንዲችል ነው፣ ወደ ፊት የሚመጣውን የሚይዝለት ነገር የለም፣ ስለዚህ ሌንሱም መስቀሉም ይላቀቃል። ለባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ይሆናል ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን ብቻ ግዛ፣ ርካሽም ቢሆን አለ። ቀለበቱም ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ማቆሚያ ፒን ያለው ይሁን።

ፓራላክስ ያልኩት ነገር ደግሞ ላንተ ነው በጣም የሚያስፈልግህ። ዓይንህን ስኮፑ ላይ አድርገህ ጠመንጃውን ሳትነካ ጭንቅላትህን ትንሽ ግራና ቀኝ ብታደርግ መስቀሉ ኢላማው ላይ የሚንሸራተት ከመሰለህ እሱ ነው። የሚመጣው ስኮፑ የተሞላው ለሌላ ርቀት ስለሆነ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው፣ 100 ያርድ ላይ የተሞላ ስኮፕ 25 ሜትር ላይ ብትተኩስበት ዓይንህ ጠርዝ ላይ ከሆነ እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊያስትህ ይችላል። ለአጋዘን ይሄ ምንም አይደለም፣ ለአንተ ግን የቆርቆሮ ክዳን የሚያህል ኢላማ ለመሳት ይበቃል። ስለዚህ ፊቱ ላይ ወይም ጎኑ ላይ ርቀት የሚሞላበት ያለውን ፈልግ፣ ለአየር ጠመንጃ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ያለብህ ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን አለህ። እኔ ድሮ በብረቱ ማነጣጠሪያ ነበር የማድነው፣ አሁን ዓይኔ ደከመና ልጆቼ ስኮፕ ገዙልኝ። ቀን ላይ ደህና ነው፣ አመሻሽ ላይ ግን ጉም ጉም ይልብኛል፣ ከባዶ ዓይኔ ብዙም አይሻልም። ርካሽ ስለሆነ ነው ወይስ ዓይኔ ነው? ልጆቼ እንዳይከፋቸው አልነገርኳቸውም። (አዛውንቱ አዳኝ)

መልስ፦ አባቴ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ስለ ጠየቁኝ ደስ ብሎኛል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ግን ከመግዛትዎ በፊት በነጻ የሚሞከር ነገር አለ።

መጀመሪያ ከኋላ በኩል ዓይንዎ የሚጠጋበትን ቀለበት ያዙሩት፣ ወደ ነጭ ግድግዳ ወይም ወደ ሰማይ እያዩ፣ ወደ ፀሐይ ግን በፍጹም እንዳያዩ። መስቀሉ ጥርት እስኪል ነው የሚያዞሩት። ቶሎ ቶሎ እያዩ ዞር ይበሉ፣ ብዙ ካፈጠጡበት ዓይንዎ ራሱ ያስተካክለውና ያታልልዎታል። ይሄን ብዙ ሰው ጭራሽ ነክቶት አያውቅም።

ሁለተኛ አመሻሽ ላይ ዙሙን ይቀንሱት። ቀደም ብዬ እንዳልኩት የብርሃኑ ክብ ከብሌንዎ ጋር መመጣጠን አለበት፣ በዕድሜ ብሌን ወደ 5 ሚሊ ሜትር አንዳንዴም ከዛ በታች ነው የሚከፈተው፣ ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካለው 8 ላይ ያድርጉት፣ ከዛ አይለፉ። ከዛ በላይ ሲያጎሉት ነው የሚጨልመው። ከዛ በታች ቢያደርጉት ደግሞ ትርፉ ብርሃን ብሌንዎ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ግዙፍ ሌንስ ያለው ይግዙ ብሎ የሚመክርዎትን አይስሙት።

ጉም ጉም የሚለው ግን የኮቲንግ ነገር ነው የሚመስለኝ። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከብርሃኑ 4 በመቶ ያህል ወደ ኋላ ይመልሳል። ስኮፕ ውስጥ 5 ሌንስ ቢኖር 10 ገጽ ነው፣ ስሌቱን ሲሰሩት ከገባው ብርሃን የሚያልፈው 66 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል፣ የጠፋው ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ውስጥ ለውስጥ እየተንጸባረቀ ነው ያ የሚያዩት ጉም የሚሆነው። በ1935 በጀርመኑ ዛይስ ይሰራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ይሄን የሚቀንስ ስስ ሽፋን አመጣ፣ አሁን ጥሩ ብዙ ሽፋን ያለው ሌንስ በየገጹ ከግማሽ በመቶ በታች ነው የሚያጠፋው፣ ያው 10 ገጽ 95 በመቶ ያሳልፋል ማለት ነው። ርካሽ ስኮፕ ላይ ኮትድ ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አንድ ሁለት ገጽ ብቻ ተቀብቶ ሊሆን ይችላል። የሚፈልጉት ፉሊ መልቲ ኮትድ የሚለውን ነው፣ ሁሉም ገጽ ብዙ ጊዜ ተቀብቷል ማለት ነው። ዛሬ ይሄ ርካሾቹም ላይ ይገኛል፣ ግን መፈለግ ነው።

ለልጆችዎ ይንገሯቸው አባቴ። ስኮፑን የገዙልዎት እንዲያዩበት ነው፣ አለማየትዎን ቢያውቁ ደስ ብሏቸው ይቀይሩልዎታል። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ በስኮፕ አካባቢውን አይቃኙ፣ ወደሚያዩት ሁሉ አፈሙዙ አብሮ ይዞራልና። ትንሽዬ ባለ ሁለት ዓይን መነጽር ለቅኝት ይያዙ፣ ስኮፑን ምን እንደሆነ ለይተው ሲያውቁ ብቻ ያንሱት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ርካሽ ግን ስሙ የታወቀ ስኮፕ አዝዤ ዛሬ ደረሰኝ። የመመለሻው ጊዜ 30 ቀን ነው። ጥይት ሳላባክን ደህና መሆኑን በምን ላውቅ? (ተጠንቃቂዋ)

መልስ፦ እህቴ ጥሩ አድርገሻል፣ ርካሽ ዕቃ ላይ ከአንዱ ወደ አንዱ ልዩነቱ ብዙ ስለሆነ ደህናውን ከመጥፎው መለየት ያንቺ ስራ ነው፣ 30 ቀን ደግሞ በቂ ነው።

ገና ሳትገጥሚው ጆሮሽ ጋ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ነቅንቂው፣ የሚንኳኳ ነገር ካለ መልሺው። በባትሪ ውስጡን እይው፣ አቧራ ወይ ብናኝ ካለ በተራገጠ ቁጥር ይዞራል። የዙም ቀለበቱን አዙሪ፣ በጣም ከላላም በጣም ከጠጠረም ጥሩ አይደለም። ዙሙን ስትቀይሪ መስቀሉ ከመሀል ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ ግን ሌላ ፈተና አያስፈልገውም።

ውሃ አይገባውም ከተባለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቁልፎቹ እንደተከደኑ ለተወሰነ ደቂቃ አስቀምጪው፣ ውስጡ ያለው ጋዝ ሲሞቅ ይሰፋና የሚያስተነፍስ ቦታ ካለ አረፋ እየተከታተለ ይወጣል። አንድ ሁለት አረፋ ውጪ ላይ የተያዘ አየር ነው፣ ተከታታይ ከሆነ ግን የጎማ ቀለበቱ አልያዘም። ናይትሮጅን ተሞልቷል ሲሉ ደረቅ ጋዝ ነው፣ እርጥበት ስለሌለው ውስጡ ጉም አይሰራም፣ ቀለበቱ ካፈሰሰ ግን ናይትሮጅኑም ይሄዳል። ከብርድ ወደ ሞቃት ቤት ስታስገቢው ከውጭ ጉም ቢይዝ አትደንግጪ፣ በጨርቅ የማይጠረገው ነው መጥፎው።

ዋናው ፈተና ግን ቁልፉ ነው፣ እሱንም ያለ ጥይት ማየት ይቻላል። በትክክል 100 ሜትር ለኪ፣ ትልቅ ወረቀት ላይ በቱንቢ ቀጥ ያለ መስመር አስምሪና በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጊበት። ጠመንጃውን ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አይተሽ እንዳይነቃነቅ አድርገሽ እሰሪው፣ መስቀሉን መስመሩ ስር አድርጊና ቁልፉን አዙሪ። ቁልፉ አንዴ ቀጭ ሲል አንድ ክሊክ ይባላል፣ ሚልና ኤም ኦ ኤ ደግሞ ክሊኩ የሚለካባቸው የማዕዘን መለኪያዎች ናቸው። ባለ 0.1 ሚል ከሆነ አንድ ክሊክ 1 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 50 ክሊክ 50 ሴንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ባለ ሩብ ኤም ኦ ኤ ከሆነ አንዱ ክሊክ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 60 ክሊክ ወደ 43.6 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ከዛ መልሺው፣ ወደ ተነሳበት ነጥብ መምጣት አለበት። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሚው።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በይ። 50 መሆን ያለበት 48 ሆኖ ግን ሁሌም 48 ከሆነ ችግር የለውም፣ በ4 በመቶ ያንሳል ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ታርሚያለሽ። አንዴ 48፣ አንዴ 51፣ ሲመለስ ደግሞ 2 ሴንቲ ሜትር የሚቀር ከሆነ ግን ምንም እርማት አይገኝለትም፣ እሱን ነው መመለስ። ካለፈ በኋላ ያኔ ጥይት አውጪለት፣ ተኩሺ፣ 20 ክሊክ ወደ ላይ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ፣ በየማዕዘኑ ሦስት ሦስት ጥይት፣ መጨረሻ ላይ የተመለሰው ጥይት መጀመሪያ የተኮስሽው ላይ ማረፍ አለበት። አስራ አምስት ጥይት ነው፣ ለዚህ የወጣ ጥይት አልባከነም።

ጥያቄ፦ በአጭሩ፣ በአንድ ብር አዲስ ርካሽ ወይስ ያገለገለ ደህና? (ቸኳዩ)

መልስ፦ በቁልፉ መሞከር ከፈቀዱልህ ያገለገለው። ሌንሱ ላይ ጭረት እንዳይኖር፣ ቱቦው ላይ ቀለበት የጨፈለቀው ምልክት እንዳይኖር እይ፣ ቁልፎቹን ከጫፍ ጫፍ አዙር፣ ዋስትናው ለሁለተኛ ገዢ ይተላለፋል ወይ ብለህ ከአምራቹ አረጋግጥ፣ አንዳንዱ ያለ ደረሰኝም ይቀበላል አንዳንዱ ደግሞ ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው። ዋጋው ከሚገባው በላይ ከወረደ ደግሞ የታወቀ ብራንድ ስም ተለጥፎበት የተኮረጀ ሊሆን ስለሚችል ሴሪያል ቁጥሩን አምራቹ ጋ ጠይቅ። መሞከር ካልፈቀዱ አዲሱን ተራ 3-9x40 ግዛ፣ መመለሻ ጊዜ ካለው ሱቅ።